ጀውሃ ዳር የተቆረሰው ዳቦ

ባለፈው ወር ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የደስ ደስ ያለው፣ ጢሙ ገና የሚያቀመቅም ነው። ብስኩት ከፈተና እንደ ደንቡ መጀመሪያ ወደ እኔ ዘረጋ። «ማዘር፣ ይውሰዱ» አለኝ። ልወስድ እጄን ስሰድ ከኋላዬ ያለች ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ፣ «እማማ፣ ይቅርብዎ። ዘንድሮ መኪና ላይ ከማያውቁት ሰው አይበላም። የሚያስተኛ ነገር እያደረጉበት ስንቱን ኪሱን አራግፈውታል» አለችኝ። ልጁ ሰማ። ብስኩቱን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ እሱም ራሱ ሳይበላው ቀረ። ከዚያ ወዲያ በመስኮት ሲያይ ሄደ እንጂ ወደ እኔ አልዞረም። አሳዘነኝ። ሴትዮዋንም ልቆጣት አልቻልኩም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር ያለው የራሴው አገር ሰው ነው፤ እኔም ብሆን ዕድሜ ልኬን ስጠረጥርና ስጠረጠር የኖርኩ ሴት ነኝ። ጀውሃ ስንደርስ ግን ሌላ መኪናና ሌላ ስንቅ ትዝ አለኝና፣ እስከ ካራቆሬ ድረስ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማሁም።

ዛሬ ጀውሃ ብትወርዱ የምታዩት የከባድ መኪና ሰልፍ፣ የምግብ ቤት ጭስና ሐብሐብ ታቅፎ ወደ መኪና መስኮት የሚሮጥ ሻጭ ነው። በኔ ጊዜ እዚያ ግራርና ወንዙ ብቻ ነበሩ። ጣሊያን መንገዱን በቆላው ከዘረጋው በኋላ፣ በእግርና በበቅሎ ስንደክምበት የኖርነውን አገር ካሚዮን በግማሽ ቀን ይጨርሰው ጀመር። ካሚዮን ስል አሁን የምታውቁት አይምሰላችሁ። ላዩ ክፍት፣ ጎኑ ጣውላ፣ ዳገት ሲይዝ የሚያላዝን ነገር ነው። ከታች የጣሊያን ዱቄት ይጫናል፤ ሰው ከጆንያው ላይ ይሰፍራል። ፍየል ግማሽ ሰው ነበረች፤ የሰው ዋጋ ግማሽ ይከፈልባት ነበር ማለቴ ነው። ሾፌሩ ብቻውን ሲሆን ጠገራ ብር እንጂ ሊሬ በእጄ አልነካም ይላል፤ ጣሊያን አጠገቡ ከቆመ ደግሞ፣ ጠገራ ብሎ ነገር ምንድነው፣ ሊሬ አምጡ ብሎ ይቆጣል። ሰዉም አውቆበት ሁለቱንም በሁለት መቀነት ቋጥሮ ይመጣ ነበር።

ሰዉ መኪናን የሚያየው እንደ ሰው ቤት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ጫማ ያለው ጫማውን መሬት ላይ አውልቆ ይወጣ ነበር፤ ካራቆሬ ሲደርስ ጫማው ሮቢት ቀርቷል። ሽማግሌ ሲወጣ ያለው ሁሉ «ኖር» ብሎ ይነሣል፣ ሽማግሌውም «በእግዜር» ይላል፤ በዚህ መሐል መኪናው ከተንቀሳቀሰ ጨዋው ሁሉ እርስ በርሱ ተደራርቦ ይወድቃል። ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ሲደረስ ክርስቲያኑ የሾፌሩን ጣራ ይደበድባል። በበቅሎ ተቀምጦ ያልታለፈ ደጅ በጣሊያን ጋሪ ተቀምጦ ሊታለፍ ነው እንዴ ብሎ ወርዶ፣ ተሳልሞ፣ እንደገና ይሳፈራል። ትንሽ እልፍ ሲል የአንድ ደግ ሼህ መቃብር አለ፤ እስላሙ ደግሞ ሽርጡን ሰብስቦ እዚያ ይወርዳል። ሾፌሩ ሁላችንንም አንድ ላይ ይረግመን ነበር። እኔ የይፋትን ሰው ያወቅሁት ገበያ ላይ አይደለም፣ እዚያ ጆንያ ላይ ነው። ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ፣ ማን ከማን ጋር ሥጋ እንደማይበላና ዳቦ እንደሚበላ፣ ማን ዘመዱ የሞተበትን ሰው ሳያውቀው አብሮት እንደሚያለቅስ፣ ሁሉንም ያየሁት እዚያ ነው።

ጊዜው እየከፋ ሲሄድ ግን ያ ሁሉ ጨዋታ ነጠፈ። ድሮ መንገደኛ ሲገናኝ «ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ» ይባላል፤ ያንን አለመጠየቅ ነውር ነበር። በጣሊያን ጊዜ መጠየቁ ነውር ሆነ። የጠየቀ ጆሮ ጠቢ ነው፤ ያልጠየቀም ቀድሞ አውቆ ነው ይባላል። አንዲት ደፋር ዘፋኝ ሮቢት ጠላ ቤት ውስጥ፣

መኪናውስ መጣ ቁልቁል ተንደርድሮ፣
ማን አብሮ ይቀመጥ ሰው ሰውን ጠርጥሮ።

ብላ ዘፍና ለብዙ ጊዜ ጠፍታ ነበር። ታስራ ይሁን ሸሽታ፣ የጠየቀም የለም። እኛም ጆንያ ላይ ተቀምጠን አቧራ እየዋጥን፣ አንዳችን የአንዳችንን እግር ስናይ እንሄድ ነበር። እግር ብዙ ያወራል። የበረሃ ሰው ተረከዝ፣ የገበሬ ተረከዝ፣ የጣሊያን ቦቲ የለመደ ተረከዝ ለየብቻ ነው።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ጣሊያን መንገድ ላይ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር፤ ወዶ አይደለም፣ ይዘውት ነው። ወንድሜ በለጠ ደግሞ ዱር ቤቴ ብሎ በረሃ ገብቷል። በአንድ ቤት ጎን ለጎን ያደግን፣ አንድ ሙዳይ ውስጥ እጃችንን ሰድደን ቆሎ የሰረቅን፣ ከሱ በላይ ዘመድ የለኝም። አንድ ቀን ጨው ልትገዛ የመጣች ሴት ገበያ መሐል ጠጋ አለችኝና፣ ጨው የምታማርጥ መስላ፣ «በለጠን ወባ ጥሎታል። ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ አሁን ሦስተኛው ነው። ከካራቆሬ በላይ፣ ወደ ማጀቴ በሚወስደው ዳገት፣ ዋሻው ውስጥ ነው። ኪኒን ካልደረሰለት አፈር አዘጋጁ» ብላኝ ሄደች። የቆላ ሰው ወባን ያውቃታል፤ ሦስተኛዋ አትመልስም።

ለኛ ያኔ ኪኒን ማለት የወባ መድኃኒት ብቻ ነበር። እሱም በጣሊያን እጅ ነው። ለአርበኛ ሲሄድ የተገኘ እንደ ጥይት ይቆጠራል፤ ይሰቅሉበታል። ለመንገድ ሠራተኛው ግን ራሱ ላይ ቆመው ያስውጡት ነበር፤ ቢታመም ድንጋዩን ማን ይፈልጥላቸዋል? ነገሩን ለባሌ ነገርኩት። ከማግስቱ ጀምሮ የሚሰጡትን ኪኒን ከጉንጩና ከድዱ መሐል ሸጉጦ፣ ውሃውን ብቻ ውጦ፣ ማታ እቤት እየመጣ መዳፌ ላይ ይተፋልኝ ጀመር። ምሬቱ አፉን አቁስሎት እህል አልዋጥ ብሎት ነበር። ሁለታችንም በዚያ ሰሞን ብዙ አልተነጋገርንም፤ እሱ አፉ ቆስሎ፣ እኔ ሆዴ ፈርቶ። የቻለውን ያህል ካጠራቀመ በኋላ አማቴ ጉዳዩን ወደ እጇ ወሰደች።

አማቴ ብልህ ሴት ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። «የኬላ ሶላቶ የሚፈትሸውን እኔ አውቃለሁ» አለች። «ጥጥ ይወጋል፣ ቅቤ ቅል ያሸታል፣ የሴት ቀሚስ ይገልጣል። የገበሬ ዳቦ ቆርሶ የሚያይ ፈረንጅ ግን አልተወለደም።» ድፎ ዳቦ ጥቁር አዝሙድ አድርጋበት ጋገረች። ሲቀዘቅዝ በቢላዋ ጫፍ ከሥሩ ሸንቁራ፣ በጨርቅ የተቋጠረውን ኪኒን መሐሉ ድረስ ከተተችና ቀዳዳውን በሊጥ ለሰነችው። በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ስታስታቅፈኝ ደስ ብሏት ነበር፤ እኔም ብልሃቷ ገርሞኝ ጉልበቷን ሳምኩ። ሁለታችንም ምን እንደረሳን ያኔ አልታየንም። ለጠላት አስበን ለወገን ሳናስብ ቀርተን ነበር።

ካሚዮኑ ላይ ስወጣ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሼህ ኢብሬ ይባላሉ፣ ጥጥ ነጋዴ ናቸው፣ በዚያ መንገድ የማያውቃቸው አልነበረም። ዶሮ በቅርጫት የያዘች ወፍራም ሴት ነበረች። ሌላው ገበያተኛ ነው። ከፊት ለፊቴ ደግሞ ካኪ ኮት የለበሰ፣ የፈረንጅ ቆብ የደፋ ሰው ተቀምጦ ነበር። ስሙን ማንም አልጠየቀውም፤ እኔ ባለ ቆቡ እለዋለሁ። ከሾፌሩ ጋር በጣሊያንኛ ሲሳሳቅ ሰምተነዋል፤ ያ ይበቃል። ከሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ጉልበታቸውን ሰብስበው ነበር፤ እንዳይነካቸው። እሱ ግን እግሬን አየ፣ እቅፌን አየ፣ ፊቴን አየ። «ወዴት ነሽ?» አለኝ። «ካራቆሬ» አልኩት። «ዘመድ አለሽ?» አለኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ልቤ ድው ድው ሲል ዳቦው እቅፌ ውስጥ የሚዘል መሰለኝ።

ጀውሃ ስንደርስ ወንዙ ሞልቷል። የኛ ሰማይ ንጹሕ፣ አሸዋው የሚያቃጥል፤ ደጋው ግን ዘንቦ ኖሮ ደራሽ ውሃው ግንድ እየገፋ ወርዷል። ድልድዩን ጣሊያን ገና አልጨረሰውም ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና፣ «እስኪጎድል ውረዱ» አለን። ግራሩ ሥር ተቀመጥን። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። እኔ በሆዴ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በለጠ እስከ ማታ ይቆይልኝ ይሆን? ውሃው እስኪጎድል እሱ ቢያልቅስ? ወደ ወንዙ አያለሁ፣ ወደ ባለ ቆቡ አያለሁ። ሼህ ኢብሬ በዚህ መሐል አንድ ባዶ የጥጥ ከረጢት መሬት ላይ ዘረጉና፣ «እንግዲህ ወንዝ እንዳገናኘን ስንቃችንን እናገናኝ» አሉ።

አያችሁ፣ የረሳነው ይህን ነበር። መንገደኛ አንድ ላይ ካረፈ ስንቁ የግሉ አይደለም። ያኔ ሰው ቢጠራጠርም፣ ስሙን ቢደብቅም፣ ስንቁን መደበቅ ግን አልለመደም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሕዝብ ነው። የማሽላ ቂጣው፣ ቆሎው፣ ተምሩ ከረጢቱ ላይ ወጣ። ቋንጣ የነበረው ክርስቲያን ቋንጣውን ለየት አድርጎ ያዘ፤ የአንዱን እርድ ሌላው አይነካም። ዳቦ ግን ሃይማኖት የለውም፤ የሁሉም ነው። የኔ ዳቦ ደግሞ በሙዝ ቅጠሉ ውስጥ ሆኖ በጥቁር አዝሙዱ ሽታ ራሱን አሳብቋል። ዶሮ የያዘችው ሴት አፍንጫዋን ወደኔ አዞረች። እኔ ይበልጥ ታቀፍኩት።

«የታቀፍሽው ዳቦ ነው ወይስ ሕፃን?» አለ ባለ ቆቡ።

ሰዉ ሳቀ። «የስለት ነው» አልኩ። «ካራቆሬ ለሚካኤል የማደርሰው ነው።»

«ሚካኤልማ ትናንት አለፈ» አለ። «አንቺ ዛሬ ለማን ነው የምታደርሺው?»

ሳቁ ጠፋ። አሁን ሁሉም ያዩኝ ጀመር። ያን ዓይነት አተያይ ያልደረሰባችሁ አታውቁትም። አንዲት ሙሽራ፣ የመንገደኛ ማዕድ ላይ፣ ዳቦ ታቅፋ የምትነፍግ፣ በዚያም ላይ የምትዋሽ። ባለ ቆቡን የፈሩት ሰዎች እኔንም ከሱ ጋር ደመሩኝ። ከዚያ በላይ ብከለክል በቀጥታ ዳቦውን ቀምቶ የሚቆርሰው እሱ ነበር። ሼህ ኢብሬ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ ወዲህ በይው። ሚካኤል ለተራበ ቢበላለት አይቀየምም» አሉ። ሰጠኋቸው።

«ቢስሚላሂ» ብለው ከዳር ጀመሩ። ከዳር ዳሩ እየቆረሱ ለእያንዳንዱ ያዳርሳሉ፤ ለዶሮዋ ሴት፣ ለገበያተኛው፣ ለባለ ቆቡም። እኔ ጣታቸውን ነው የማየው። ዳሩ አለቀ፤ መሐሉ ቀረ። ከሥሩ ይዘው ሊገምሱት ሲሉ አውራ ጣታቸው ቆመ። ሊጡን ይሁን ጨርቁን፣ የቱን እንደነካ አላውቅም። ወደኔ አላዩም። ጣታቸውን አወጡና አዩት፤ ሊጥ ይዟል። «ወይ የዛሬ ሙሽሮች» አሉ። «ይሄማ አልበሰለም። መሐሉ ሊጥ ነው።»

ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈነዳ። «እናትሽ እሳት አላሳየችሽም እንዴ?» አለችኝ ዶሮዋ ሴት። «ለዚህ ነዋ የደበቀችው፣ አፍራ ነው» አለ ሌላው። እኔ ሙያ ያለኝ ሴት ነበርኩ፤ በሰፈሬ ዳቦዬ ይመሰገናል። ያን ቀን ግን ስድቡ እንደ ምርቃት ጣፈጠኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ተሰደብኩ። ባለ ቆቡ ግን አልሳቀም። «ሊጡን ለኔ። የጣሊያን ፉርኖ ዳቦ ሁሉ ሊጥ ነው፣ ለምጄዋለሁ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሼህ ኢብሬ የቀረውን መሐሉን አንሥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡና፣ «መንገደኛ ሊጥ አይበላም። ሆድህ ተነፍቶ ጆንያ ላይ ልታስቸግረን ነው?» አሉት። እጁ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ ስፈታት ኖሬያለሁ፤ አልፈታ ብላኛለች።

ወንዙ ጎደለና ተሻገርን። ማዶ ኬላው ነበር። ገና ካሚዮኑ ሳይቆም ባለ ቆቡ ዘሎ ወረደና ከሶላቶዎቹ ጋር በጣሊያንኛ ያወራ ጀመር። በአገጩ ወደ እኛ ሲጠቁም አየሁ። አለቀልኝ አልኩ። ሁላችንንም አሰለፉን። የሼህ ኢብሬን ጥጥ በሳንጃ ወጉት፣ ጥምጥማቸውን ፈትተው መሬት ለመሬት ጎተቱት። የዶሮዋን ሴት ቅርጫት ደፉት። ቆሎ የቋጠረ ቆሎው ተበተነ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ሶላቶው እጁን ወደ ዳቦዬ ሰደደ። ባለ ቆቡ አንዲት ቃል ተናገረ፤ አንዲት ብቻ። ሶላቶው እጁን መለሰና አልፎኝ ሄደ። ከመላው ተሳፋሪ ሳይፈተሽ የቀረ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰውዬው እዚያው ከነሱ ጋር ቀረ፤ ካሚዮኑ ሲነሣ ሲጋራ እያቀጣጠለ ያየኝ ነበር። ሊያድነኝ ነው? ወይስ ወዴት እንደምሄድ ሊያይ? እላችኋለሁ፣ ከዚያ ቃል ይልቅ ቢፈትሹኝ ይሻለኝ የነበረ ይመስለኛል።

ካሚዮኑ ላይ ከዚያ በኋላ አጠገቤ የተቀመጠ የለም። ሼህ ኢብሬም ጥምጥማቸውን እያራገፉ ወደ ጥጣቸው ዞሩ። ካራቆሬ ስንወርድ ተጠግቼ ጉልበታቸውን ልስም አልኩ። ወደኋላ ሸሹ። «አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። «እኔ ምንም አላየሁም፣ ልጄ» አሉ፣ መሬት እያዩ። «አንቺም እኔን አላየሽኝም።» ያዳነኝ ሰው ፈርቶኝ ሄደ።

ዳገቱን ስወጣ ሃምሳ ጊዜ ሳልዞር አልቀርም፤ የተከተለኝ ሰው ግን አላየሁም። አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከቁጥቋጦ ወጣ፤ የበለጠ እኅት ነኝ ስለው ወደ ዋሻው ወሰደኝ። በለጠ ደበሎ ለብሶ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል። ሲያየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከእንግዲህ ተገላገልን ብዬ ዳቦውን ገምሼ ጨርቁን ፈታሁት፣ ደስታዬም አፌን ከፈተው። ባሌ በጉንጩ እየሸሸገ እንዳጠራቀመ፣ ሼህ ኢብሬ ሊጥ ነው እንዳሉ፣ ሁሉንም እየሳቅሁ ነገርኩት። ባለ ጠመንጃው ግን፣ «ኬላውን በምን አለፍሽ?» አለኝ።

«ሌላውን ሁሉ ፈተሹ። እኔን ተዉኝ።»

ባለ ጠመንጃው ወደ በለጠ ዞረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። በለጠ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ቃሉን እየለቀመ ተናገረ። «ባልሽ የጣሊያን መንገድ ይሠራል። በጣሊያን መኪና መጣሽ። ጣሊያን ያን ሁሉ ሰው ፈትሾ አንቺን ለይቶ አሳለፈ። ይሄም የጣሊያን መድኃኒት ነው።»

«በለጠ፣ እኔ እኮ ነኝ» አልኩት።

«አንቺ ቅደሚ» አለኝ።

ከኪኒኑ ሁለት አንሥቼ ዋጥኩ። «አፍሽን ክፈቺ» አለኝ። ከፈትኩ። «ምላስሽን አንሺ» አለ። የባሌን ነገር የነገርኩት እኔው ራሴ ነኛ። አነሣሁለት። ከዚያ ጥላው ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ድንጋይ እስኪሻገር ድረስ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል ጠበቀ። እሞት እንደሆነ ሊያይ ነው። እኔ ደግሞ የምፈራው እሱ ሲጠባበቅ እንዳይሞትብኝ ነበር። «ወንድሜ፣ በማርያም ዋጠው» እያልኩ ለመንኩት። በመጨረሻ ዋጠው። ያንኑ ዕለት በቃሬዛ ተሸክመውት ስፍራ ቀየሩ። «እኛ እስክንሰወር ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አለኝ ባለ ጠመንጃው። በለጠ ቃሬዛው ላይ ሆኖ ደኅና ሁኚ አላለኝም።

ዳነ። ያችው ጨው የምትገዛ ሴት መጥታ ነገረችኝና ባሌን አቅፌ አለቀስኩ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ያ ዋሻና ከሥሩ ያለው መንደር ተቃጠሉ ሲባል ሰማሁ። ተከትለውኝ ይሁን፣ ሌላ ሰው ጠቁሞ ይሁን፣ ወይስ እንዲያው ጣሊያን ሲያልፍ ያገኘውን ማቃጠል ልማዱ ሆኖ፣ ዛሬም ድረስ አላውቅም። ባለ ቆቡን ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም፤ በሕልሜ ካልሆነ። እውነቱን ያውቅ የነበረ እሱ ብቻ ነው፤ ሞቶ ይሆናል።

ጣሊያን ወጣ፤ በለጠ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጠመንጃውን ወልውሎ ገባ። እናታችን ቤት ድግስ ሆነ፤ ሮቢት በእልልታ ተናወጠች። እኔ ምግብ ሳቀርብለት ተቀበለኝና ያዘው። ያወራል፣ ይስቃል፣ ያቀረብኩትን አይነካም። እኔ ከሱ ማዕድ አንድ ጉርሻ ወስጄ ስጎርስ ያኔ በላ። ያየ ሰው የለም፤ እኔ ግን አየሁ። በልጆቼ ክርስትና፣ በፋሲካ፣ በሐዘን ቤት እንኳ እንደዚያው ነበር። ባሌ የዋህ ነው፤ «ወንድምሽ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው፣ ሴት ሳትቀድም አይበላም» ይል ነበር። ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ልጆቼን ዳረልኝ፣ ባሌ ሲሞት ድንኳን ተከለልኝ፣ ስታመም ከደጄ አልጠፋም። ስለዚያ ቀን አንሥቶ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ስንት ጊዜ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ብጠይቀው ምን ይለኛል? አምንሻለሁ ቢለኝስ አምነዋለሁ ወይ? ብቻ እሱ ያለበት ማዕድ ላይ ቀድሜ መጉረስ ልማዴ ሆኖ ቀረ።

ሁለታችንም ጥርሳችን ካለቀ በኋላ ነው በለጠ ታሞ የተኛው። ሮቢት ሐኪም ቤት፣ መስኮቱ ሥር አልጋ ሰጥተውት፣ ልጁ እያስታመመችው ሾርባ ይዤ ሄድኩ። አጠገቡ ተቀምጬ ማንኪያውን አነሣሁና እንደ ልማዴ ቀመስኩ። በለጠ ወደ ልጁ ዞረ። «አክስትሽን እያት» አላት። «የታመምኩት እኔ፣ የምትበላው እሷ። ድሮም ሆዳም ናት።» ልጅቷ ሳቀች፣ እሱም እያሳለው ሳቀ። እኔ ሆዴ ባባ። ረስቶታል አልኩ። ይኸው አረጀና ረሳው፣ ወይም ይቅር አለኝ፣ የቱም ይሁን። እንባዬ ሾርባው ውስጥ እንዳይገባ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና ሁለተኛውን ማንኪያ ሳልቀምስ ቀጥታ ወደ አፉ አደረስኩት።

አፉን አልከፈተም። ማንኪያውን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣም፣ ፊቱን አላዞረም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ልጁ ትራሱን እያስተካከለች ስለነበር አላየችም። ማንኪያውን መለስኩና ቀመስኩለት። ከፈተ።